«ጁዲሸስ»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጥያቄ፦ ስለ ውሃ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስተረጉም «ጁዲሸስ» የሚል ቅጽል ገጠመኝ። መዝገበ ቃላቱ «አስተዋይ» ስለሚለው «አስተዋይ የውሃ አጠቃቀም» ብዬ ጻፍኩ። አርታኢዬ ሰረዘው። ምኑ ላይ ነው ስህተቱ? «ብልህ» ብለውስ?

መልስ፦ መዝገበ ቃላቱ አልተሳሳተም፤ አርታኢዎም እውነት አላቸው። «ከፈለ» ብለን «ከፋይ»፣ «ገደለ» ብለን «ገዳይ» እንደምንለው፣ «አስተዋይ»ም «አስተዋለ» ከሚለው ግሥ የወጣ የአድራጊ ቃል ነው። የሚያስተውል ማለት ነው። አጠቃቀም ደግሞ አያስተውልም፤ የሚያስተውለው ተጠቃሚው ነው።

እንግሊዝኛው ቃል ለሰውም ለሥራውም ያገለግላል። አማርኛ ግን ሥራውን ሲገልጽ ወደ ግሥ መሄድ ይወዳል፦ «በማስተዋል የተወሰነ ጉዳይ»፣ «የታሰበበት ምርጫ»፣ «አመዛዝና የሰጠችው አስተያየት»። ስለዚህ ለዚህ ቅጽል ሁልጊዜ ቅጽል አይፈልጉለት።

የእርስዎ ዓረፍተ ነገር ላይ ደግሞ የመጠን ነገር አለ። ብዙ ተርጓሚ «ቆጥቦ» ይላል። እኔ አልስማማም። መቆጠብ ማሳነስ ላይ ያተኩራል፤ «ጁዲሸስ» ግን በሚያስፈልግበት ቦታ የሚያስፈልገውን ያህል ማለት ነው። ለዚህ «መጠነ» የሚባል ድንቅ ግሥ አለን። «ውሃን መጥኖ መጠቀም» ቢሉ አንባቢው ወዲያው ይረዳዎታል። መድኃኒት ከሆነ ደግሞ «በአግባቡ» ይሻላል፤ እዚያ ጉዳዩ የመጠን ብቻ ሳይሆን መቼና ለምን የሚለውም ነው።

«ብልህ»ን ይተዉት። ብልህ መላ ያውቃል፣ አእምሮው ፈጣን ነው። አስተዋይ ግን ይመዝናል፣ ሲያስፈልግም ይዘገያል። «ብልጥ»ማ ጭራሽ አይሆንም፤ የራስን ጥቅም ማሳደድ አለበት።

ለሰው ከሆነ «ልባም» የሚለውንም አይርሱት። «ልብ አለ»፣ «ልብ አደረገ» ከምንለው ጋር አንድ ቤት ነው። ከ«አስተዋይ» ይልቅ ሞቅ ያለ፣ የበሰለ ሰውን የሚያሳይ ቃል ነው። በዛሬ ጽሑፎች ላይ ብዙም አለማየቴ ያሳዝነኛል።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። «ጁዲሸስ» በእንግሊዝኛ «ጁዲሻል» የሚባል የቅርብ ዘመድ አለው። ሁለቱም ፍርድ ከሚል የላቲን ቃል ነው የመጡት። «ጁዲሻል» ግን የፍርድ ቤትንና የዳኝነትን ሥራ ብቻ ይመለከታል፣ ፍርዱ ጥሩም ይሁን መጥፎ። የሕግ ጽሑፍ ሲተረጉሙ የቃሉን መጨረሻ ደግመው ይዩ።