ከአጥር ጀርባ የበቀለው ካሞማይል ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ከአቃቂ አለፍ ብሎ አዲስ ሰፈር ነው። ክረምቱ ሲወጣ ከአጥራችን ጀርባ ዙሪያው ነጭ፣ መሐሉ ቢጫ የሆነ አበባ ይወረናል። ጎረቤቴ «ካሞማይል እኮ ነው፤ ሱፐርማርኬት በስንት ብር የምትገዢው!» አለችኝ። ለእንቅልፍ ብዬ በጀበና እያፈላሁ እጠጣለሁ። ስለቅመው እጄን ያሳክከኛል። እናቴም ጀምራለች፤ እሷ ለልቧ ዋርፋሪን የሚባል ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስዳለች። ራሱ ባይሆን እንኳ ዘመዱ አይጠፋም ብዬ ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ ከእናትዎ ልጀምር። ሻዩን ዛሬውኑ ያቁሙ። ሻዩን እንጂ ዋርፋሪኑን አላልኩም! እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ የካናዳ የሕክምና መጽሔት የአንዲት የ70 ዓመት ሴት ታሪክ አውጥቶ ነበር። ዋርፋሪን እየወሰዱ የካሞማይል ሻይ ይጠጡ፣ ቅባቱንም ይቀቡ ነበር። ውስጥ ለውስጥ ደም ፈሷቸው ሆስፒታል ገቡ። ያ እንግዲህ እውነተኛው ካሞማይል ነው። እናትዎ ደማቸው ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየውን፣ አይኤንአር የሚባለውን የደም ምርመራ ሰሞኑን ያሠሩ። ድዳቸው ከደማ፣ ሳይመቱ ከበለዙ ወይም ሰገራቸው ከጠቆረ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ።

ወደ ዝምድናው ስንመጣ፣ ግራዋም፣ ኑግም፣ አደይ አበባም፣ ሰላጣ ሳይቀር የካሞማይል ቤተሰብ ናቸው። የኑግ ዘይት ወጥ ውስጥ ይገባል፤ በግራዋ ጋን ይታጠባል። ያቀያየራቸው ሰው አላየሁም።

አንዷን አበባ በምላጭ ከላይ ወደ ታች ለሁለት ይሰንጥቋት። የካሞማይል ቢጫው ጉብታ ሾጠጥ ያለ ነው፤ ውስጡም ባዶ ነው። ሽታው ወደ ፖም ይጠጋል። ውስጡ ድፍን ከሆነ ሌላ ተክል ነው። ከመሳዮቹ አንዱ የሚገማ ሲሆን ቆዳ እስከ ማቁሰል ይደርሳል።

ባዶ ሆኖ ቢያገኙትም አያፍሉት። የካሞማይል ጠባይ ከዘር ዘር ይለያያል።  ቁስለትን የሚያበርደው ቢሳቦሎል የተባለው ንጥረ ነገር በአንዱ ዘር ይበዛል፣ በሌላው ያንሳል፤ ይህ በዘረመል የሚወረስ ነው። ስለዚህ ጀበናዎ ውስጥ ምን ያህሉ እንዳለ አይታወቅም።  

ማሳከኩን አይናቁት። የዚህ ቤተሰብ አለርጂ የተለመደ ነው። ምናልባት በአበቦቹ መካከል ቅንጨ አረም የሚባለው፣ ቆዳ የሚያሳክክ የዚሁ ቤተሰብ አረም በቅሎ ይሆናል፤ እሱ መሐሉ ቢጫ የለውም፣ ጥቃቅንና ነጭ ነው። ከንፈርዎ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። እጅዎ እያሳከከዎት እርስዎም የታሸገውንም ቢሆን አይሞክሩ። ለነገሩ ለእንቅልፍ ያለው ማስረጃ ያን ያህል አይደለም።

ምንነቱን ማወቅ ከፈለጉ ጓንት አድርገው አንድ እግር ከነሥሩ ይንቀሉ፤ በጋዜጣ መሐል ተጭኖ ይድረቅ። አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ዕፅዋት የሚለዩ ባለሙያዎች አሉት። እስከዚያው ጀበናዎ ለቡና ይሁን፤ እንቅልፍ እምቢ ካለዎት ግን እሱም ከምሳ በፊት ይለቅ።