ያ ቅጠል ከየት መጣ?

ልጆች፣ ሰሞኑን ከእናንተ አንዱ «ጋሼ፣ ስልኬ ፎቶ አንስቶ ስሙን እየነገረኝ ቅጠል ማድረቅ ምን ይሠራል?» አለኝ። ጥያቄው ደህና ነው። ፎቶ ግን በጀርባው አይገለበጥም። የደረቀ አበባን ከሃምሳ ዓመት በኋላም ሙቅ ውሃ ውስጥ ብትነክሩት ይለሰልሳል፤ ከፍታችሁ ውስጡን ታያላችሁ።

ወጣት ሳለሁ ከአንገረብ ወንዝ ዳር አንድ ቅርንጫፍ ቆርጬ በጋዜጣ መሃል አስቀመጥኩ። «ቦታውንና ቀኑን ማታ እጽፈዋለሁ» አልኩ። ማታው ሳምንት ሆነ። ቅጠሉ አምሮበት ደረቀ፤ የት እንደቆረጥኩት ግን ጠፋብኝ። መምህሬ አገላብጠው አዩትና «ይኼማ ገለባ ነው» አሉኝ። ቃሉ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ስለዚህ እዚያው ቆማችሁ ጻፉ። በእርሳስ ይሁን፤ እስክሪብቶ ዝናብ ሲነካው ይጨማለቃል። ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑን፣ የአገሬው ሰው የሚጠራበትን ስም። ስሙን አትናቁ። ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ ከ250 ዓመት በፊት ወደ ጎንደር መጥቶ ነበር። የተቅማጥ መድኃኒት የሆነውን ተክል ሲመዘግብ «ዋጊኖስ» የሚለውን ስም አብሮ ጻፈ። ዛሬ የተክሉ ሳይንሳዊ ስም ብሩሲያ አንቲዲሴንቴሪካ ነው፤ ሰውየውም በሽታውም ስሙ ውስጥ አሉ። ገበያ ወርዳችሁ ብትጠይቁ ግን የሚያገናኛችሁ ዋጊኖስ የሚለው ቃል ነው።

እንጉዳይ ሲሆን ይብሳል። የጅብ ጥላን እንደ ቅጠል ብትጫኑት ይጨፈለቃል። መጀመሪያ ትኩስ እያለ ቀለሙንና ሽታውን ጻፉ፤ ሲደርቅ ሁለቱም ይለወጣሉ። ከዚያ ባርኔጣውን ቆርጣችሁ፣ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ በሆዱ ድፉት። ብርጭቆ ክደኑበትና አሳድሩት። ጠዋት ስታነሱት ስፖሩ (እንጉዳዩ የሚራባበት ብናኝ) እንደ ዱቄት ረግፎ የጨረር ቅርጽ ሠርቶ ታገኙታላችሁ። ነጭ ቢሆን በጥቁሩ፣ ቡናማ ቢሆን በነጩ በኩል ይታያል። የዱቄቱ ቀለም እንጉዳዩን ለመለየት ትልቅ ፍንጭ ነው። የቀረውን ለብ ባለ አየር አድርቃችሁ በወረቀት ከረጢት አኑሩት። መቅመሱን ግን ተዉት፣ አደራ!

የደረቀውን ናሙና ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማኖሪያ) ከማስገባታችሁ በፊት በላስቲክ ጠቅልላችሁ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ሳምንት አቆዩት፤ ነቀዝ ይሞታል። የቤታችሁን ፍሪዘር ግን አትንኩ። ባለቤቴ ከሥጋው ጎን የጋዜጣ ጥቅል ያገኘች ቀን ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም።