ትራሱ ቢጫ ሲሆን በረኪናውን አስቀምጪው

ጥያቄው ከአንዲት የአዲስ አበባ አንባቢ የመጣ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አራት ትራስ አለኝ። ሁለቱ ከሱቅ የተገዙ ፋይበር ናቸው፤ ሁለቱ እናቴ ያሰራችልኝ የጥጥ ናቸው። ሁሉም ቢጫ ሆነዋል፤ መሀላቸው ላይ ቡናማ ክብ ክብ ነገር አለ። ፋይበሮቹን በረኪና ውስጥ ዘፍዝፌ አሳደርኳቸው። ጠዋት ሳወጣቸው ጭራሽ ብሶባቸው እንደ እርድ ቢጫ ሆነው አገኘኋቸው። ጎረቤቴ ደግሞ አቼቶ ጨምሪበት ትለኛለች። ለገና እህቴ ከዱባይ ትመጣለች። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ከጎረቤትሽ ምክር እንጀምር። አቼቶውን እንዳትነኪው! በረኪናና አቼቶ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ጠባብ ሻወር ቤት ውስጥ በር ዘግታ የምታጥብ ሰው ሳንባዋን ታቃጥላለች። ሎሚም ያው አሲድ ነው፤ ከበረኪና ጋር አይቀላቀልም። ምናልባት ቀድመሽ ጨምረሽው ከሆነና አይንሽን ወይ ጉሮሮሽን ከቆጠቆጠሽ፣ ሁሉንም እዚያው ትተሽ ወደ ንጹህ አየር ውጪ።

አሁን ወደ ትራሱ። ያ ቢጫ ነገር ቀለም አይደለም፤ ወዝ ነው። በየሌሊቱ ሰባት ስምንት ሰዓት ጭንቅላታችንን እናስቀምጥበታለን። ላብ፣ የፊት ወዝ፣ የፀጉር ቅባት፣ ለሃጭ፣ የማታ ክሬም፣ ሁሉም የትራስ ልብሱን አልፎ ወደ ውስጠኛው ጨርቅ ይገባል። እዚያ ተቀምጦ ከአየር ጋር ሲገናኝ እንደ ከረመ ቅቤ ይበስላል፤ መልኩም ሽታውም ይቀየራል። መሀል ላይ ያየሻቸው ቡናማ ክቦች ደግሞ ላቡ ሲደርቅ ዳር ዳሩን ጥሎት የሄደው እድፍ ነው።

በረኪና ወዝ አያነሳም። ይባስ ብሎ ላብ ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ተገናኝቶ ራሱ ቢጫ ይሆናል። በዚያ ላይ ፋብሪካው ጨርቁን ነጭ ለማስመሰል የቀባውን አንጸባራቂ ነገር ያጠፋዋል። ስለዚህ «ብሶበት አገኘሁት» ያልሽው ትክክል ነው። ላባ ትራስ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ላባውን ራሱን ይበላው ነበር።

ውሃና ሳሙና ከማባከንሽ በፊት ግን ትራሱን ለሁለት እጠፊና ልቀቂው። ተፈናጥሮ ከተመለሰ ይታጠባል። እንደታጠፈ ከቀረ አርጅቷል፤ ብታነጪውም አንገት ያሳምማል እንጂ አያስተኛም። እንዲህ ያለውን እኔ ልብስ ማጠቢያ ሱቄ ውስጥ ለደንበኛ እመልሳለሁ፤ ገንዘቡን ብወስድ ነውር ነው።

ፋይበሮቹን እንያዝ። ያደረው በረኪና መጀመሪያ ሙልጭ ብሎ ይውጣ። ሽታው እስኪጠፋ በንጹህ ውሃ ብቻ ደጋግመሽ አለቅልቂና አድርቂያቸው። ከደረቁ በኋላ ቢጫው ቦታ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ በጣትሽ ጣል አድርጊ። ጠብታው ወዲያው ከጠለቀ ጥሩ ነው። እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብሎ ከተቀመጠ ወዙ አሁንም አለ ማለት ነው። እኔ ሠራተኛ ስቀጥር መጀመሪያ የማስተምረው ይቺን ጠብታ ነው። ጠብታው እስኪጠልቅ ድረስ ማንጫ የሚባል ነገር አይነካም።

ወዙን የሚያነሳው ተራው የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ነው፤ ላርጎ ይበቃል። የምጣድ ስብ የሚያነሳ ነገር የራስ ወዝ አያቅተውም። ውሃ ሳትነኪ በደረቁ ጨርቅ ላይ ቢጫውን ሁሉ በስሱ ቀቢው። ለስላሳ ብሩሽ ወይም አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይዘሽ በክብ በክብ አሽው፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ተይው። ብዙ አታፍሺበት። አረፋው ፋይበሩ ውስጥ ከገባ ስታለቀልቂ ይመሽብሻል።

ከዚያ ለብ ካለ ውሃ ከፍ ባለ ሙቀት መዘፍዘፍ ነው። የሚፈለገው ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ነው። ቴርሞሜትር ከየት ይምጣ ካልሽ፣ አዲስ አበባ ከፍታው ስለሚበዛ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንድ ባልዲ የፈላና አንድ ባልዲ የቧንቧ ውሃ እኩል ብትቀላቅይ 55 ገደማ ይመጣልሻል። አዳማ ወይ ድሬዳዋ ያለ ሰው ቀዝቃዛውን ትንሽ ጨመር ያድርግ። የፈላውን በቀጥታ ትራሱ ላይ መገልበጥ ግን አይሆንም፤ የላቡን እድፍ ያበስለዋል፣ ፋይበሩንም ያጎብጠዋል።

ማንጫው በኦክስጅን የሚሠራው የዱቄት ዓይነት ነው፤ እንደ ቫኒሽ ያለው። ዱቄቱ ሙቅ ውሃ ሲነካው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና የማጠቢያ ሶዳ ይሆናል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ግን ተኝቶ ነው የሚውለው፤ ለሙቀቱ የምጨነቀው ለዚህ ነው። ለ5 ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ይበቃል። ዱባይ ያለችው እህትሽ ከሱፐርማርኬት በቀላሉ ታገኘዋለች፤ ችግሩ ትራሱ እሷ ከመምጣቷ በፊት መድረስ አለበት። እዚህ ካጣሽ ከፋርማሲ 3 ፐርሰንት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ግዢ፤ አንድ የሻይ ብርጭቆ ሙሉ ከትንሽ የዱቄት ሳሙና ጋር ለአንድ ሳፋ። እነዚህንም ከበረኪና ጋር እንዳትቀላቅይ። ደግሞ በጥብጠሽ ጀሪካን ውስጥ ከድነሽ አታስቀምጪ፤ ጋዝ ስለሚያወጣ ክዳኑን ያፈናጥረዋል።

ትራሱ አየር ስላለበት ይንሳፈፋል። በሁለት መዳፍሽ ቀስ እያደረግሽ ተጫኚው፣ አየሩ ፉት ፉት እያለ ይወጣል። ከዚያ ሳህን ደፍተሽ ድንጋይ ጫኚበት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ውሃው እንደ ቀጭን ሻይ ይሆናል። አትደንግጪ፤ የዓመታት ወዝና ላብ ነው። ሁለት ሰዓት ካቆየሽው በኋላ ውሃውን ድፊው። ውሃው አሁንም ከጠቆረ አንድ ጊዜ ብቻ ድገሚው።

መጠምዘዝ የለም። ፋይበር ከተጠመዘዘ ይቋጠርና ድንች የተሞላ ከረጢት ይሆናል። በመዳፍ እየተጫንሽ ጨምቂ፣ አረፋ እስኪጠፋ ሦስት አራት ውሃ ለውጪ። የቀረ ሳሙና ራሱ ቢጫ ያደርጋል። በረኪናው ጨርሶ ከወጣ ወዲህ ስለሆነ፣ በመጨረሻው ውሃ ላይ ግማሽ ስኒ አቼቶ ብትጨምሪ አሁን ችግር የለውም፤ የሶዳውን ቅሪት ያጠፋል። ማሽን ካለሽ ሁለቱን ትራስ አንድ ላይ አስገቢ። አንድ ብቻ ከገባ ሲሽከረከር ሚዛኑን ይስታል፤ ማሽኑ ከቦታው ተነስቶ ሲሄድ አይቻለሁ።

የእናትሽ ጥጥ ትራሶች ሌላ ሙያ ናቸው። ጥጥ ትራስ በሙሉው ውሃ ውስጥ አይገባም። ጥጡ ውሃ ጠጥቶ ጓል ይሆናል፣ መሀሉም ሳይደርቅ ይሻግታል። አንዱን ጎን ስፌቱን ተርትሪና ጥጡን በንጹህ አንሶላ ላይ አውጪው። ጨርቁን ብቻ ከላይ በነገርኩሽ መንገድ እጠቢ። ጥጡን ሁለት ቀን ፀሐይ አስመቺው፣ የተቋጠረውን በእጅሽ በትኚው። ደጋን ይዞ ጥጥ የሚነድፍ ሰው በሰፈርሽ ካለ ደግሞ ታደልሽ፤ አንዴ ሲነድፈው እንደ አዲስ ይነፋል። በጣም የጠቆረውን መሀል ቆርጠሽ ጣይውና በትንሽ አዲስ ጥጥ ተኪ።

ለጥጥ ጨርቅ እንዶድ አይሆንም ወይ የሚሉኝ እናቶች አሉ። ይሆናል እንጂ! ጋቢና ነጠላ ስንት ዘመን የነጣው በእሱ ነው። አረፋው ቀልድ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ሲያጥቡ፣ ከእነሱ በታች ያለው ቀንድ አውጣ ሞቶ ያዩት በዚሁ አረፋ ነው። ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ በእንዶድ የማጥፋት ምርምራቸው ከዚያ ተነሳ። ስትወቅጪው ግን አፍንጫሽን ሸፍኚ፤ ዱቄቱ እስክትደክሚ ያስነጥስሻል።

ስፖንጅ ትራስ ያላችሁ ሌሎች አንባቢዎች ደግሞ አትዘፍዝፉት፣ ፀሐይ ላይም አታውሉት። ስፖንጅ በፀሐይ ቢጫ ይሆናል፣ ይፈረፈራል። ልብሱን አጥባችሁ ስፖንጁን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርጋችሁ ጥላ ላይ አናፍሱት፤ በቃ።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው ማድረቁ ላይ ነው። እኔም ተሸንፌያለሁ። ልጅ ሳለሁ አንድ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ እሠራ ነበር። 30 የላባ ትራስ አጥቤ ሁለት ቀን ሙሉ ጣሪያ ላይ አሰጣኋቸው። ከላይ እንደ ቆሎ ደረቁ፤ ደስ ብሎኝ አስረከብኩ። በሦስተኛው ቀን አንድ እንግዳ ትራሱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ደረጃውን ሲወርድ አየሁ። ዝናብ የመታው በግ ይሸታል። 30ውንም ከየአልጋው ለቅሜ እንደገና አጠብኩ። የደመወዜን ነገር አታንሺብኝ።

ከዚያ ወዲህ በእጄ አላምንም፤ ሚዛን ነው የማምነው። ሱቄ ውስጥ በኪሎ ስለምናስከፍል ሚዛን አለ። ትራሱን ከመታጠቡ በፊት ደረቁን እመዝነዋለሁ፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ሲደርቅ ወደዚያው ቁጥር ካልተመለሰ አልደረቀም። 800 ግራም የነበረው 950 ከሆነ፣ ሁለት ሲኒ ቡና የሚያህል ውሃ ሆዱ ውስጥ አለ ማለት ነው። አንቺ ጋ ሚዛን ከሌለ አትክልት ቤቱ ጋ ይዘሽ ሂጂ። ይስቁብሽ ይሆናል፤ ይሳቁ።

በአንድ ጫፍ ቆንጥጠሽ ገመድ ላይ አታንጠልጥይው፤ ፋይበሩ ወደ ታች ይወርዳል። የአልጋ ሽቦ ወይም ሁለት ወንበር ላይ የተዘረጋ መረብ ጥሩ ነው፤ ከሥርም አየር ያገኛል። በየሁለት ሰዓቱ ገልብጪ፣ በሁለት እጅሽ ዳርና ዳሩን ይዘሽ አራግፊው። የታህሳስ ፀሐይ ጎበዝ ነው፤ እርጥብ ጥጥ ጨርቅን ራሱ ያነጣል። ሌሊቱ ግን ጤዛ አለው። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ውጭ እንዳታሳድሪ። ውጭ አገር ሆናችሁ ማድረቂያ ማሽን ያላችሁ፣ በዝቅተኛ ሙቀት ሁለት ንጹህ የቴኒስ ኳስ ጨምራችሁ አዙሩት፤ ኳሱ እየደበደበ ይበትነዋል።

የፋብሪካ ነጭ ግን አትጠብቂ። በረኪናው የበላው አንጸባራቂ አይመለስም። እንደ ወተት ሳይሆን እንደ አጓት ከነጣ አሸንፈሻል፤ እዚያ ላይ አቁሚ። ሦስተኛ ጊዜ መዘፍዘፍ ጨርቁን መጨረስ ነው። ወፍራም የጥጥ ሽፋን ዚፕ ያለው አሰፊለትና የትራስ ልብሱን ከላይ አድርጊበት። ሽፋኑን በወር፣ ልብሱን በሳምንት እጠቢ።

ገና ታህሳስ 29 ስለሆነ ከ20 ጀምሮ ሥራው ላይ ሁኚ፤ ውሃ በፈረቃ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ቀደም በይ። እህትሽ መጥታ ፀጉሯን ለጋ ቅቤ ካስቀባሻት ግን፣ ሻሽ ሳታስር በእነዚህ ትራሶች ላይ እንዳታስተኚያት።