መልስ፦ ከጅማ እስከ ጎጀብ ምን ልይ?

ወንድሜ፣ «ሁለት ቀን አለኝ፤ ከጅማ ከተማ ወጥቼ እስከ ካፋ ወሰን ምን ልይ?» ላልከው፦

የመጀመሪያውን ጠዋት ለጅሬን ስጠው። ከከተማው ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ነው፤ ባጃጅ ያደርስሃል። የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እዚያ ነው። አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የገዙ ንጉሥ ናቸው። ከምኒልክ ጋር ከመዋጋት ይልቅ ግብር መክፈልን ስለመረጡ፣ ጎረቤቶቻቸው በጦርነት ሲፈርሱ የእሳቸው መንግሥት የውስጥ አስተዳደሩን ይዞ ቆየ። ሰው ብዙ ጊዜ ፎቶ አንስቶ ይወርዳል፤ አንተ ግን ቀስ በል። የእንጨቱን ሰገነትና ቅርጻ ቅርጹን እያየህ ዙር። ከላይ ከተማዋ በሙሉ ትታይሃለች።

ሲመሽ ቦዬ ረግረግ ጎራ በል፤ ዕድል ከቀናህ ጉማሬ ታያለህ።

በሁለተኛው ቀን በቦንጋ መንገድ ወደ ደቡብ ውረድ። መንገዱ እየወረደ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ጎጀብ ወንዝ ስትደርስ የጅማ ዞን አለቀ፣ ማዶው ካፋ ነው። (የቡና መነሻ የት ነው ብለህ ግን በሁለቱም በኩል አትጠይቅ! እኛ በጎማ ወረዳ ያለችውን ጮጬን እንላለን፣ እነሱ ጫካቸውን ያሳዩሃል።)

ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃው አያስወጣም። በኅዳር ከመጣህ ቀይ ቡና ሲለቀምና በማድረቂያ አልጋ ላይ ሲሰጣ ትደርሳለህ። ስትመለስ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ የጅማ በርጩማ ግዛ፣ መኪናህ ውስጥ ቦታ ካለ።