ለቱርቦ መኪናህ ሳጥን ከመግዛትህ በፊት

ሰሞኑን አንድ የድሬዳዋ ሳቢያን ልጅ ሁለት ፎቶ ልኮልኝ «ጋሼ፣ የትኛውን ልግዛ?» አለኝ። አንደኛው ከመኪናው ኮምፒውተር ገመድ ላይ ተቀጥሎ የሚሠራ ትንሽ ሳጥን ነው፣ ፒጊባክ የሚባለው። ሁለተኛው ኮምፒውተሩን ጭራሽ ተክቶ ነዳጁንም እሳቱንም ራሱ የሚያዝ ስታንድአሎን ነው። ዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ልጁ «ርካሹ ይበቃሃል» እንድለው ፈልጎ ነበር መሰለኝ። እኔ ግን ትዝ ያለኝ የጓደኛዬ ሴሊካ ነች።

ተራ ሴሊካ አልነበረችም። ጂቲ-ፎር ነች። አራቱም ጎማ የሚጎትት፣ ሁለት ሊትር፣ 3ኤስ-ጂቲኢ ሞተር ከነቱርቦው። ካርሎስ ሳይንዝ እ.ኤ.አ. በ1992 የዓለም ራሊ ሻምፒዮን የሆነው በዚህች ዓይነት መኪና ነው። ጓደኛዬ ይህን ጠየቁትም አልጠየቁትም ለሁሉም ይናገር ነበር። ከዚራ ዛፍ ሥር ካቆማት ሕፃናት ይከቧታል፣ እሱ ደግሞ ኮፈኑን ከፍቶ እንደ ሙዚየም ያስጎበኛቸዋል።

ታዲያ አልበቃው አለ። ቡስቱን፣ ቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚገፋውን የአየር ግፊት፣ ከፍ አደረገ፣ ኖዝሎቹን በትልልቅ ቀየረ፣ ከዱባይ ባለ ማዞሪያ ፒጊባክ አስመጣ። የገጠመለት ሌላ ጋራዥ ነው። የሳጥኑ ሥራ ውሸት ነው፣ በግልጽ ልንገራችሁ። ትልቅ ኖዝል በተከፈተ ቁጥር ብዙ ቤንዚን ይረጫል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ኖዝል መቀየሩን አያውቅም። ስለዚህ ሳጥኑ መሀል ይገባና አየር መለኪያው የሚልከውን ቀንሶ ያቀብለዋል። ኮምፒውተሩ «አየሩ ትንሽ ነው» ብሎ ያምንና ነዳጁን ይቀንሳል። ከተማ ውስጥ ሞተሩ ልስልስ ብሎ ይሠራ ነበር። እኔ ራሴ አድንቄለታለሁ።

ከዚያ አንድ እሁድ ሐረር እንሂድ አለኝ። ደንገጎን ታውቁታላችሁ። ሙቀቱ ገና ከላያችሁ አልወረደም፣ ዳገቱ አያልቅም፣ ከፊት ተሳቢ ያዘግማል። ተሳቢውን ሊቀድም ሦስተኛ ማርሽ ላይ ረገጣት፣ አልለቀቃትም። ከሙዚቃው ሥር ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንደሚንኳኳ ያለ ድምፅ መጣ። «አቦ ልቀቃት!» አልኩት። ሲለቃት ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ እየወጣ ነበር። ወደ ድሬ የተመለስነው ተጎትተን ነው።

ካንዴላዎቹን እኔ ፈታሁ። ሦስቱ ደህና ናቸው፣ መልካቸውም ነዳጅ ያነሰበት ሞተር መልክ አይደለም። አንደኛው ግን ነጩ ሸክላ ላይ ደቃቅ የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች ነበሩበት። በጥፍሬ ብፍቀውም አልለቀቀም። አሉሚኒየም ነው፣ ከፒስተኑ ቀልጦ የተረጨ። ቴስታታው፣ የሞተሩ ክዳን፣ ሲነሳ የፒስተኑ ጠርዝ ተበልቷል፣ ዙሪያውን የሚይዘው ቀለበት፣ ፋሻውም ተሰብሯል። ያየው ሁሉ «ቤንዚኑ ነው፣ በሃይላንድ የሚሸጠውን ቀድታችሁ ነው» አለ። ጓደኛዬም አመነና በንዴት ለሚበትን ሰው ሸጣት።

ነገሩ የተገለጠልኝ ቆይቶ፣ ኮምፒውተሩ እሳቱን፣ ማለትም ካንዴላው የሚለኩስበትን ጊዜ፣ በምን እንደሚወስን ሳጠና ነው። ያው የአየሩን መጠን አይቶ ነው! ሸክሙ ቀላል ሲመስለው እሳቱን ያስቀድማል። ቀስ ብላችሁ ስትነዱ ብዙ ሞተር ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 30 ዲግሪና ከዚያም በላይ ቀድሞ ይለኩሳል። ቡስት ሲሞላ ግን በጣም ማዘግየት አለበት። ሳጥኑ «አየሩ ትንሽ ነው» ብሎ ሲዋሽ ነዳጁን አስተካከለ፣ በዚያው ውሸት ግን እሳቱን አስቀደመው። የጠጠሩ ድምፅ ያ ነበር፣ ቤንዚኑ ያለአግባብ ሲፈነዳ፣ ኖክ የሚሉት። ያንን የሚያዳምጠው ኖክ ሴንሰር እሳቱን የቻለውን ያዘገያል፣ እሱም ልክ አለው። ቤንዚኑ የተወሰነ ጥፋት ይኖረው ይሆናል፣ ዋናው ግን እሱ አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኸው ነው። አንድ ፒስተን ተቀይሮ ያ ሳጥን ቢወገድ ኖሮ ያቺ መኪና ድሬ ውስጥ ትሽከረከር ነበር።

እኛ ስንማር ታይሚንግ፣ እሳቱ የሚለኮስበት ጊዜ፣ የሚስተካከለው በእጅ ነበር። ያስተማሩኝ ሽማግሌ የፔጆ 404ን ዲስትሪቢዩተር፣ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን፣ ትንሽ ፈታ አድርገው፣ በጆሯቸው እየሰሙ ያዞሩና «በቃ፣ እሰረው» ይላሉ። አይሳሳቱም። ቱርቦ ላይ ግን የእሳቸውም ጆሮ አይበቃም፣ ሲሰማህ አልፏል።

የዛሬ ልጆች ማርሚታው ተኩስ እንዲያሰማ ትፈልጋላችሁ። ቲክቶክ ላይ ያማረ ሁሉ ጥሩ ሞተር ይመስላችኋል። አትሰሙም ብዬ እንዳልዘጋው ደግሞ፣ ላፕቶፕ ላይ ካርታ፣ የነዳጁንና የእሳቱን ሠንጠረዥ፣ ከፍቶ ቁጥር ማስተካከል ላይ ከእኛ ትሻላላችሁ፣ እውነቱን ለመናገር።

ወደ ጥያቄው ስመለስ፣ ኖዝል ከቀየርክ ስታንድአሎን ግዛ። የአውስትራሊያው ሃልቴክ አለ፣ የኒውዚላንዱ ሊንክ አለ፣ እጁን ለሚያምን ደግሞ ሜጋስኩርት። እኔ ከስሙ በፊት የማየው ሶፍትዌሩን እዚህ አገር የሚያውቅ ሰው መኖሩን ነው። ኖዝሉ የፋብሪካው ከሆነና ቡስቱን ትንሽ ብቻ ከጨመርክ፣ እሳቱንም ማዘግየት የሚችል ፒጊባክ ይበቃሃል። አዎ፣ ቅድም ሳጥኑን ስሰድበው ነበር።

የምትገዛው ሳጥን ግፊቱን ምንም አየር ከሌለበት ከዜሮ ጀምሮ የሚለካ ሴንሰርና የሚገባውን አየር ሙቀት የሚያይ ሴንሰር ይኑረው። የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ 101 ኪሎፓስካል ነው፣ ድሬ 88 ገደማ፣ ሐረር ስትደርስ 81 ገደማ። ባሕር ጠረፍ ላይ የተሠራ ካርታ ጭነህ ደንገጎን እንዳትወጣ። ከሁሉ በፊት ግን ዋይድባንድ ግዛ፣ ለአንድ እጅ ቤንዚን ስንት እጅ አየር እንደገባ በክብደት የሚያሳየውን መለኪያ። ቀስ ብለህ ስትነዳ 14.7 አካባቢ፣ ቡስት ላይ 11.5 አካባቢ ማየት አለብህ። እሱም የሚነግርህ ስለ ነዳጁ ነው፣ ስለ እሳቱ ምንም አይልህም።

ስታስተካክሉ ሜዳ መንገድ ፈልጉ። ላፕቶፑን የያዘው መሪ አይያዝ። ትንሽ ረገጥ አድርጋችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ ቀዝቀዝ ሲል ካንዴላ ፍቱና ሸክላውን በባትሪ ብርሃን እዩ። የሚያብረቀርቅ ነገር ካለ፣ ስክሪኑ የፈለገውን ቢል፣ የዚያን ቀን ሥራ እዚያው አቁሙ።