መልስ፦ ለ808 ኪክ ማሽኑን ልግዛ ወይስ ሶፍትዌሩ ይበቃል?

በሶፍትዌር የምትሠራው 808 ኪክ (የቲአር-808 ከበሮ ማሽን የባስ ከበሮ ምት) ሕይወት አልባ ሆኖብህ ማሽኑን ልግዛ ላልከው፦ ገና አትግዛ። መጀመሪያ የያዝከው ሳምፕል (የተቀዳ ድምፅ) ይሁን ኢሙሌሽን (የማሽኑን አሠራር የሚያስመስል ፕሮግራም) አጣራ። ሳምፕል በየምቱ ያንኑ ድምፅ ይደግማል። ከ1980 እስከ 1983 የተመረተው የሮላንድ ቲአር-808 ግን ድምፁን የሚፈጥረው በአናሎግ ሰርኪዩት ስለሆነ ምቶቹ በጥቂቱ ይለያያሉ። ጥሩ ኢሙሌሽን ይህንንም ያስመስላል።

የማሽኑ አዲስ ቅጂ ቲአር-08 ራሱ ውስጡ ዲጂታል ነው። የምትከፍለው ለማዞሪያዎቹ ነው፤ ኪኩ እየመታ ዲኬዩን (ድምፁ እስኪከስም የሚቆይበትን ጊዜ) በጣትህ ማስረዘም ግን በማውስ የማይገኝ ደስታ አለው።

ማሽኑንና ሶፍትዌሩን ስታወዳድር የሁለቱን ድምፅ መጠን እኩል አድርግ። እኔ ሁለቱንም ቀድቼ የማሽኑ ድምፅ ይበልጥ ሞቅ ያለ ነው ብዬ ነበር። ለካ 2 ዴሲቤል ከፍ ብሏል፤ ዝቅ ሳደርገው ዓይኔን ጨፍኜ መለየት አቃተኝ።