የሚያብረቀርቀው ሰደፍ ወይስ የተጫጫረው?

ጥያቄ፦ ፈቃድ አለኝ፤ ለዒላማ ተኩስ ከሁለት ያረጁ ቤልጅግ ማውዘር ጠመንጃዎች አንዱን ልገዛ ነው። የአንደኛው ሰደፍ በቫርኒሽ ያበራል፤ ዋጋው ግን ያለኝን ሙልጭ አድርጎ ይወስዳል። ሁለተኛው እንጨቱ ተጫጭሯል፤ በሲሶ ይረክሳል። አነጣጥሮ የሚመታው የትኛው እንደሆነ በምን ልለየው? (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ ሰደፉን ይተዉት። ዋጋው ያለው አፈሙዙ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ፤ መቀርቀሪያውን ያውጡና በደረቅ ጨርቅ ወልውለው ከኋላ በኩል ወደ ብርሃን ይመልከቱ። በውስጡ የተቀረጹት፣ አረሩን የሚያሽከረክሩት ጥምዝ መስመሮች ጠርዛቸው የሰላ፣ እስከ ጫፍ ያልተቋረጡ መሆን አለባቸው። ጥቂት ጥቁር ነጠብጣብ አያስጥልም። መስመሩ ጫፉ አካባቢ ከደበዘዘ ግን ይለፉት። የድሮ ጥይት መቀስቀሻ የሚተወው ጨው እርጥበት ስቦ ብረት ይበላል፤ በእናንተ ደጋ ክረምትና ጉም ደግሞ ሳይታጠብ ያደረ ጠመንጃ ቶሎ ይዝጋል።

ቀጥሎ የአፈሙዙን ጫፍ በጣትዎ ይዳስሱ። ብዙዎቹ የሚበላሹት በመተኮስ ብዛት ሳይሆን የመወልወያውን ዘንግ ከፊት በማስገባት ነው፤ ዘንጉ ጠርዙን በአንድ ወገን ይሞርደዋል፤ ጋዙ በዚያ በኩል ቀድሞ ሲወጣ አረሩን ያጋድለዋል። ጫፉ ብቻ ከሆነ ሙያተኛ መልሶ ሊያስተካክለው ይችላል። ውስጡ ካለቀ ግን ወጪው ጠመንጃውን ያህላል።

የመቀርቀሪያው ቁጥር ከአካሉ ቁጥር ጋር ይግጠም። ካልገጠመ፣ መቀርቀሪያው ሲዘጋ ከጥይቱ ጀርባ የሚተርፈው ክፍተት በመለኪያ ሳይታይ አይተኮስበት፤ የተተኮሰ ቀለህ ከታች ከፍ ብሎ የሚያበራ ቀለበት ወይም ስንጥቅ ካሳየ አደጋ ነው። ከሥር ያሉት ሁለት ብሎኖች፣ ከጥይት ማጎሪያው ፊትና ከምላጩ መከለያ ኋላ፣ ጠብቀው መያዝ አለባቸው። ሲላሉ ተኩሱ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ይወድቃል፤ ሰው ደግሞ ጥፋቱን በአፈሙዙ ያላክካል። ከብሎኑ ጀርባ እንጨቱ የተሰነጠቀ ከሆነ አይግዙ። መጫጫሩ ምንም አይደለም።

ሻጩ ከፈቀደ፣ በተፈቀደ የዒላማ ቦታ ይሞክሩ። 100 ሜትር፣ አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ፤ ማዳበሪያው ከእንጨቱ ሥር እንጂ ከአፈሙዙ ሥር አይሁን። ከአንድ እሽግ 5 ጥይት፣ በየመሐሉ 2 ደቂቃ። አምስቱም 10 ሴንቲሜትር ውስጥ ከገቡ፣ በባዶ ዓይን ለሚያነጣጥር አሮጌ ጠመንጃ ጥሩ ነው። ተሰብስበው ግን ከመሐል ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ርቀው ከወደቁ አይከፉ፤ የፊቱን ማነጣጠሪያ ወደ ጎን በመግፋት ይስተካከላል። የተበታተነ ተኩስ ግን በማነጣጠሪያ አይድንም።

እንጨት በክረምት እንደሚያብጥ አይርሱ። መሐል ሜዳ በሐምሌ ያስተካከሉት ጠመንጃ፣ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ላይ በጥር ትንሽ ወደ ሌላ ቦታ ሊመታ ይችላል፤ ሲዘዋወሩ በ3 ጥይት ያረጋግጡ።

የሁለተኛው አፈሙዝ ከላይ ያልነውን ካለፈ እሱን ይግዙ፤ በተረፈው ሲሶ አንድ ዓይነት፣ ከአንድ እሽግ የሆነ ጥይት ይያዙ። የተደባለቀ ጥይት በጥሩ አፈሙዝ ላይም ይበታተናል። ግዢውና የስም ዝውውሩ በጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መፈቀዱን አስቀድመው ከፖሊስ ያረጋግጡ፤ ወረቀት የሌለውን፣ ምንም ቢረክስ፣ አይንኩት።